ጓዳችን፦ ከአጃ የትኛው? ለማንስ?

ዛሬ አምዳችንን የምንጀምረው በይቅርታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት እትሞች በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ቁርስ ስንጽፍ «አጃ ኃይል ይሰጣል፤ ልጅንም አዋቂንም ያጠነክራል» ብለን በአንድ አረፍተ ነገር አልፈን ነበር። የትኛው አጃ፣ ለየትኛው ልጅ፣ ከምን ጋር የሚለውን አልነገርናችሁም። ባለፈው ወር ከእኛ መካከል በጤና ሠራተኛነት ቤት ለቤት የምትዞረው እኅታችን አንዲት እናት ዘንድ ደረሰች። የእናትየዋ ልጅ አሥራ አንድ ወሩ ነው። ክንዱ ሲለካ መለኪያው ቢጫው ላይ ቆመ፤ 11.9 ሴንቲ ሜትር። «ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን ዱቄት ትሰጪዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋም ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «ሸጥኩት፤ በሱ አጃ ገዛሁበት። እናንተው አይደላችሁ እንዴ የጻፋችሁት?» አለቻት።

እኛ ይህን ስንሰማ ምን እንዳልን አትጠይቁን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ በጥድፊያ የጻፍነው አንድ መስመር በሰው ቤት፣ በሕፃን ክንድ ላይ ተፈታ። እናትየዋን ሞኝ የሚል ካለ እሱ ራሱ አልገባውም። ዱቄቱ ሽታው ለልጁ አልተስማማም፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተፋዋል። ጎረቤት ደግሞ «ያ የእርዳታ ዱቄት ነው፣ ምን ይጠቅማል» ይላል። የአጃው ቆርቆሮ ላይ የወፈረ ሕፃን ሥዕል አለ። ከአሜሪካ የሚደውሉት አክስትም «እዚህ ልጆች ጠዋት ጠዋት አጃ ነው የሚበሉት» ይላሉ። በዚህ ላይ የእኛ ጽሑፍ ሲጨመር፣ ያላትን ሸጣ የተሻለ የመሰላትን ገዛች። የእናት ሥራ ነው የሠራችው። ጉድለቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ያቋረጥነውን ነገር ከሥሩ ጀምረን እንጨርሰው።

አጃው አንድ ነው፤ አሠራሩ ነው የሚለያየው

በሱቆቻችን መደርደሪያ ላይ አምስት ስድስት ዓይነት አጃ ስናይ አምስት ስድስት ዓይነት እህል ይመስለናል። አይደለም። ሁሉም ከአንድ እህል የመጣ ነው። አገር ቤት ደጋ ላይ ከገብስ ጎን የሚበቅለው፣ እናቶቻችን ቆልተው፣ ከክተው፣ ፈጭተው ለአራስ አጥሚት የሚያደርጉት አጃ ዘመዱ ነው። ፋብሪካው የሚያደርገው ገለባውን ማውጣት፣ ፍሬውን በእንፋሎት ማሞቅና በተለያየ መንገድ መቁረጥ ወይም መዳመጥ ነው። የሚያሞቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። አጃ ከሌሎች እህሎች ይልቅ ቅባት ስላለው፣ ሳይሞቅ ከተፈጨ ቶሎ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። እናቶቻችን ሳይቆሉ የማይፈጩትም ለዚሁ ይመስለናል።

እንግዲህ በየተራ እንያቸው።

አንደኛው የተቆራረጠው ነው፤ «ስቲል ከት» ይሉታል። ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ ተቆርጦ እንደ ቅንጬ ሆኖ ይመጣል። ለመብሰል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ቶሎ አያስርብም። እዚህ ካኩማ ብዙም አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው።

ሁለተኛው የተዳመጠው ነው፤ ፓኬቱ ላይ «ሮልድ ኦትስ» ይላል። ፍሬው በእንፋሎት ለስልሶ በብረት ተጨፍልቆ እንደ ጠፍጣፋ ቅርፊት የሆነው ማለት ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበስላል።

ሦስተኛው «ኩዊክ» የሚባለው ነው። ይህም የተዳመጠው ራሱ ሲሆን፣ ይበልጥ ተሰባብሮና ቀጥኖ የተሠራ ነው። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል።

አራተኛው «ኢንስታንት» ነው። አስቀድሞ የበሰለና የደረቀ ስለሆነ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ በትንንሽ ሳሼ ሆኖ፣ ስኳርና ጨው፣ የሙዝ ወይም የእንጆሪ ጣዕም ተጨምሮበት ይሸጣል።

አምስተኛው ደግሞ ዱቄቱ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ አለ፤ ነጋዴዎቻችን ከአገር ቤት የሚያስመጡት፣ ተቆልቶ የተፈጨው አለ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የትኛው ይሻላል ብላችሁ ገንዘባችሁን አታስጨንቁ። ምንም ካልተጨመረባቸው በስተቀር በምግብነታቸው እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ከማንኛውም ዓይነት ሜዳውን አጃ 100 ግራም ብንወስድ ወደ 380 ካሎሪ፣ ወደ 13 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 10 ግራም የሚደርስ ቃጫ አለው። ልዩነቱ በፍጥነቱና በተጨመረበት ነገር ላይ ነው።

ፓኬቱን እናንብብ

ሱቅ ስንሄድ ሥዕሉን ሳይሆን ጀርባውን እንይ። «ኢንግሪዲየንትስ» ከሚለው በታች ያለው ዝርዝር የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ብዙ ያለው፣ መጨረሻ የተጻፈው ጥቂት ያለው ነው። «ሆል ግሬይን ኦትስ» ብቻ ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ሜዳ አጃ ነው፤ ያዙት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ «ሹገር» የሚል ካያችሁ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። የስኳሩ ግራም ሲጻፍ በ4 አካፍሉት፤ 4 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። 12 ግራም ስኳር የሚል ሳሼ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ ላልቻለ ሰው ተማሪ ልጆቻችን አሉ፤ አብረዋችሁ ይሂዱ፣ ለእነሱም ትምህርት ነው።

ዋጋውንም በሳሼው ሳይሆን በግራሙ እናወዳድር። ለስሌት ያህል ብቻ 500 ግራም ፓኬት 200 ሺሊንግ፣ 35 ግራም ሳሼ ደግሞ 25 ሺሊንግ ነው እንበል። ሳሼው ርካሽ ይመስላል። በ100 ግራም ስናሰላው ግን ፓኬቱ 40 ሺሊንግ፣ ሳሼው ከ71 ሺሊንግ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ከሳሼው ውስጥ ከፊሉ ስኳር ነው። ፓኬቱን በአንዴ መግዛት የሚከብደው ቤተሰብ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ገዝቶ መካፈል ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ለአንድ አዋቂ ቁርስ 40 ግራም ደረቅ አጃ ይበቃል፤ ሞላ ሞላ ያለ አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ 500 ግራም ፓኬት አሥራ ሁለት ቁርስ ይወጣዋል።

ከሰልም ገንዘብ ነው

ጤና የሚያስተምሩ ሰዎች «ቀስ ብሎ የሚበስለው አጃ ይሻላል» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን እነሱ የሚናገሩት ጋዝ ምድጃ ላለው ሰው ነው። እኛ ዘንድ 30 ደቂቃ እሳት ማለት ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ ወይ ገንዘብ ነው ወይ ሴቶቻችን ርቀው ሄደው፣ ፈርተው የሚያመጡት እንጨት ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን የተዳመጠው ወይም «ኩዊክ» የሚባለው ሜዳ አጃ የተሻለ ምርጫ ነው።

እሱንም በቁጠባ መሥራት ይቻላል። ውኃው ሲፈላ አጃውን ጨምሩ፤ እያማሰላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍሉት፤ ከዚያ ከእሳት አውርዳችሁ ክዳኑን ግጠሙና በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። በራሱ ሙቀት ይለሰልሳል። የዋናው እሳት ለሻይ ወይም ለእንጀራ ይተርፋል። ግን አደራ፣ በዚህ በእኛ ሙቀት የበሰለ ገንፎ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። በተለይ ለሕፃን የጠዋቱን ለማታ ማሞቅ ተቅማጥ መጥራት ነው።

ለሕፃን ልጅ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የበደልነው እዚህ ላይ ነውና።

ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ነው። አጃም፣ አጥሚትም፣ ውኃም አያስፈልገውም። ለአራሷ አጥሚት መጠጣት መልካም ነው፤ ኃይል ይሰጣታል፣ ያሞቃታል። ወተቱን የሚያበዛው ግን ልጁን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

ስድስት ወር ከሞላው በኋላ ምግብ ይጀምራል፤ ጡቱም አይቋረጥም። አሁን ጥያቄው የገንፎው ውፍረት ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ኩባያ አይበልጥም። በጡጦ ቀዳዳ የሚወርድ ቀጭን አጥሚት ከሞላነው የሞላነው ውኃ ነው። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ ግን አያድግም። ያቺ እናትም አጃው ቶሎ እንዳያልቅባት አቅጥና ነበር የምትሠራው። ገንፎው በማንኪያ ሲያነሡት ቶሎ የማይፈስ፣ ማንኪያው ላይ የሚቆም መሆን አለበት። ለትንንሾቹ የተዳመጠውን አጃ በሙቀጫ ወቀጥ ወቀጥ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ነገር አጃ ብቻውን ለልጅ ሙሉ ምግብ አለመሆኑ ነው። ሜዳው አጃ ውስጥ ቪታሚን ኤ የለም፣ ቪታሚን ሲ የለም፣ ቢ 12 የለም። ብረት አለው፤ ነገር ግን በእህሉ ውስጥ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር አብዛኛውን ይዞት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ስለዚህ ሲወጣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ የተፈጨ ኦቾሎኒ ወይም የተፈጨ ባቄላ፣ ከተገኘ እንቁላል ይጨመርበት። የሎሚ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ጠብ ቢል ብረቱ እንዲወሰድ ይረዳል። ሻይ ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ ብረቱን ይከለክለዋል። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ከባድ መርዝ የሚያመጣ ጀርም ሊኖርበት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዱቄት ከአጃ ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም። ለቀጨጩ ሕፃናት የሚሰጠው «ሱፐር ሲሪያል ፕላስ» የሚባለው ዱቄት በቆሎን ወይም ሌላ እህልን ከአኩሪ አተር ጋር ይዞ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር፣ በላዩም ቪታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት የተሠራ ነው። በካሎሪው ከአጃ ብዙ አይርቅም። የሚርቀው አጃ በሌለው ነገር ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ሸጦ አጃ መግዛት መድኃኒቱን ሸጦ እንጀራ እንደ መግዛት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ለአንድ እጅ ዱቄት አምስት እጅ ውኃ በክብደት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ማፍላት። የኦቾሎኒ ቅባት ያለው ፓኬት የተሰጠው ልጅ ደግሞ ፓኬቱን እንዳለ ይበላዋል እንጂ ገንፎ ውስጥ አይበስልም።

ልጁ ዱቄቱን ቢጠላውስ? እኛም ከእናትየዋ ጋር ተቀምጠን ያሰብነው ይህንን ነው። እኅታችን «አጃውን አትጣይው፤ ለሦስት ማንኪያ ዱቄት አንድ ማንኪያ አጃ ቀላቅይበት» አለቻት። የሚያውቀው የአጃ ጣዕም ስላለበት ልጁ ቀመሰው፤ ሁለተኛው ቀን ጨረሰው። ዱቄቱ ነቅዞ ወይም ሽታው ተለውጦ ከሆነ ግን ልጁን አታስገድዱት፤ ከነከረጢቱ ወደ ወሰዳችሁበት ቦታ መልሱት።

አንድ ነገር ደብቀን አንለፍ። ቤት ውስጥ አምስት አፍ እያለ የአንዱን ልጅ ዱቄት ለአንዱ ልጅ ብቻ መስጠት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ተቀንሶ ቤተሰቦች በምድብ ከተከፋፈሉ ወዲህ ስንቱ ቤት ጠዋት እሳት ሳይነድ እንደሚውል እናውቃለን፤ የእኛም ቤት አለበት። የምንለው ይህንን ብቻ ነው፦ መካፈል ግድ ከሆነ ክንዱ ቢጫ ወይም ቀይ የሆነው ልጅ ቀድሞ፣ በራሱ ሳህን ይብላ። የተረፈው ለሌሎቹ ይሁን። ከአንድ ሳህን ሲበላ ትልቁ ልጅ ቶሎ ይጎርሳል፣ ትንሹ ይቀራል።

መለኪያውን ለማታውቁ፦ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ክንዱ 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ ያኔ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እግሩ ያበጠ ልጅም መለኪያው ምንም ይበል ምን እንዲሁ ይወሰድ።

ስኳርና ግፊት ላለባቸው

ከእኛ መካከል አንዱ ወንድማችን የስኳር ሕመም አለበት። «አጃ ለስኳር ጥሩ ነው» የሚለውን ሰምቶ ወራት ሙሉ ያንን ጣፋጭ ሳሼ ሲጠጣ፣ ስኳሩ ለምን አልወርድ እንዳለው ሲገረም ነበር። ጣፋጩ ኢንስታንት አጃ ቶሎ ስለሚፈጭ ስኳርን በአንዴ ከፍ ያደርጋል። እንደሱ ላለ ሰው የሚሻለው የተቆራረጠው ወይም የተዳመጠው፣ ወፈር ብሎ የተሠራ፣ ስኳር ያልገባበት አጃ ነው፤ ኦቾሎኒ ወይም እንቁላል አብሮት ቢኖር ይበልጥ ይቀንስለታል። መድኃኒቱን ግን አጃ አይተካም፤ ያለ ሐኪም እንዳያቋርጡ።

አጃ ውስጥ «ቤታ ግሉካን» የሚባል፣ ሲበስል የሚያዝለገልገው ቃጫ አለ። የኮሌስትሮልን መጠን የሚቀንሰው እሱ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ተቀብሎ ፓኬት ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው፤ ከ60 እስከ 80 ግራም ደረቅ አጃ ማለት ነው።

አጃ ከሌለስ?

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን እንንገራችሁ። ያ የተመሰገነው ቃጫ በአጃ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ገብስም አለው። አያቶቻችን ለመንገድ የሚቋጥሩት በሶ፣ የገብስ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ያለ ስኳር የተበጠበጠ በሶ ከጣፋጭ ሳሼ አጃ የሚበልጥ ቁርስ ነው፣ ምንም ሥዕል ባይኖርበት።

እዚህ አገር «ዊምቢ» የሚሉት የእኛው ዳጉሳ ነው። ከእህሎች ሁሉ በካልሲየም የሚበልጥ ነው፤ ለአጥንትና ለጥርስ። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ጠዋት «ኡጂ» አድርገው ሲጠጡት የምናየው እሱ ነው። ማሽላም ቢሆን ከነቅርፊቱ ተፈጭቶ፣ ባቄላ ወይም ኦቾሎኒ ከተጨመረበት የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ አጃ መግዛት ያልቻለ ሰው ልጁን የበደለ አይምሰለው።

በአጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፦ አቅም ላለው ሜዳውን የተዳመጠ ወይም «ኩዊክ» አጃ፤ ስኳር ላለበት ሰው ወፍራም፣ ያልጣፈጠ፤ ጣፋጩ ሳሼ ለማንም የዕለት ቁርስ አይሁን፤ ለቀጨጨ ልጅ ግን መጀመሪያ የተሰጠው ዱቄት፣ አጃ ከኋላ።

ያቺን እናት አሁንም እየተመላለስን እናያታለን። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት አንብበንላታል፤ «የኔን ታሪክ ጻፉት፣ ስሜን ግን ተዉት» ብላ ፈቅዳልናለች። ባለፈው ሳምንት የልጁ ክንድ 12.2 ሆኗል። ከቢጫው ገና አልወጣም፤ ግን ማንኪያውን ራሱ መያዝ ጀምሯል፤ እናቱም «አሁን እኔን ነው የሚቀማኝ» እያለች ትስቃለች። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ እንነግራችኋለን።

እናንተም በዚህ አምድ ያነበባችሁት ነገር ግራ ካጋባችሁ ወይም ካልተስማማችሁ እባካችሁ ሳትሸጡና ሳትገዙ በፊት ጠይቁን። ቢሯችን ታውቁታላችሁ፤ ካልሆነም ቤት ለቤት የሚዞሩትን እኅቶች አስቁሟቸው። በሚቀጥለው እትም ውኃ ስለማከምና ስለ ጀሪካን ንጽሕና ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!

የአምዱ አዘጋጆች